መዝገቡ ውስጥ የገባው መርዶ

ሰዎች ሥራዬን ሲጠይቋት እናቴ «ቤት ትመዘግባለች» ትላቸዋለች። ከዚያ በላይ ላስረዳት ሞክሬ ሞክሬ ትቼዋለሁ። እዚህ እስራኤል፣ ኪርያት ማላኪ ውስጥ ቤት የሚመዘግብ ሰው ሲባል መቼም የኢሪያ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ነው የሚመስላቸው። አይደለሁም ስላቸው ደግሞ «ታዲያ የሰው ቤት ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔም ከገዴራ ወደ ያቭኔ በሚሄደው አውቶቡስ ተቀምጬ አንዳንድ ጠዋት ይህንኑ ራሴን እጠይቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያቭኔ ውስጥ ከአንድ የመነጽር ሱቅ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች አንዲት በዕድሜ የገፋች አርክቴክት ዲጂታል መዝገብ ታደራጃለች። አለቃዬ እሷ ናት። የተለመደ ሕንፃ አትሰበስብም። የተሞከረውን ነው የምትሰበስበው፤ የሚታጠፍ ቤት፣ ግድግዳ የሌለው ክፍል፣ ተነድፎ ሳይሠራ የቀረ፣ ተሠርቶ የፈረሰ። እኔ ቀድሞ ቤኤር ቱቪያ በሚገኝ የቁም ሳጥን ፋብሪካ ንድፍ አወጣ ነበር። አማርኛም ንድፍም ስለምችል ወሰደችኝና ከኢትዮጵያ የመጣውን የእኛን ሰው የመዝገብ ክፍል ሰጠችኝ፤ ማለትም ዲፕሎማ የሌለው ሰው፣ ቦታ ሲጠበው በገዛ እጁ የሞከረውን።

እንደሱ ያለ ነገር ደግሞ በሽ ነው። በረንዳቸውን በፕላስቲክ መጋረጃ ለሦስት ከፍለው ወጥ ቤት፣ የጸሎት ቦታና የእንግዳ መኝታ ያደረጉ ባልቴት አሉ። ገዴራ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ቁም ሳጥኑን ለሁለት ሰንጥቆ ለወንድና ለሴት ልጆቹ ግድግዳ አድርጎታል። ስልኬን ይዤ ክፍሉን እዞረዋለሁ፣ ኮምፒውተሩ ግድግዳውንም እቃውንም በነጥብ በነጥብ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ቅጹን እሞላለሁ፤ ከምን ተሠራ፣ በምን ቆመ፣ ማን ሠራው፣ ለማን ተሠራ። ቅጹ ግትር ነው። አንዱን መስመር ባዶ ትቼ ልለፍ ብል አያስቀምጥልኝም።

አሁን የምነግረው ከእናቴ ሕንፃ ጀርባ ስለሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ነው። ስድሳን ካለፉ ቆይተዋል፣ ግን አሁንም ቤኤር ቱቪያ ባለ መጋዘን ይሠራሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሦስት ክፍል ባለው የሴት ልጃቸው ቤት ከአራት የልጅ ልጆች ጋር ነው የሚያድሩት። አንድ ታናሽ ወንድም ነበራቸው። ሽማግሌውን እዚህ አገር ያስገባቸው የሚስታቸው የአይሁድ ዘር ነው፤ ወንድማቸውን የሚያስገባ ዘር አልተገኘም። ስለዚህ ሰውየው ዕቃውን ሸጦ ከገጠር ጎንደር ከተማ ገባ፣ አንድ ክፍል ተከራየና «ነገ ትሄዳለህ» እየተባለ ብዙ ዓመት ጠበቀ።

ሽማግሌው ለሱ ክፍል ሠሩለት። ሕንፃው ጀርባ ያለችው ሣር የበቀለባት ቦታ ላይ፣ ከመጋዘኑ በፈቃድ ባመጡት የዕቃ መጫኛ እንጨት። ሚስማር የለበትም። ግድግዳው የቆመው የጭነት መኪና ዕቃ በሚታሰርበት ጠፍር ነው፤ ጠፍሩን ሲፈቱት ክፍሉ ተጣጥፎ ይተኛል። የኢሪያው ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚያገኘው የተከመረ እንጨት ብቻ ነው። ሲሄድ መልሰው ያቆሙታል። ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረጉት እሳቸውም አያውቁትም። ሰው ሁሉ ደጁ ዳስ የሚጥልበት የዳስ በዓል ሲደርስ ግን ጣሪያውን አንስተው ዘንባባ ጣል ያደርጉበታል፤ ያን ጊዜ ተቆጣጣሪው ራሱ «በዓልህ መልካም ይሁን» ብሎ ያልፋል። ዳስ ነዋ፣ ማን ይነካዋል።

አለቃዬ ያነሣሁትን ፎቶ ስታይ ከወንበሯ ተነሣች። «በትምህርት ቤት ስንት ዓመት የለፋንበትን ነገር ይህ ሰው በጠፍር ሠርቶታል» አለች። ቀጠሮ ያዝኩ፤ በበዓሉ መካከል፣ ክፍሉ ያለ ፍርሃት ቆሞ በሚውልበት ሰሞን።

በዓሉ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው እናቴ ጋ ሄድኩ። ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ በሩን ዘጋችና «የዚያ የሽማግሌው ወንድም ጎንደር ላይ አርፏል» አለችኝ።

«መቼ?»

«ትናንት። ታሞ ሁለት ቀን ነው የተኛ። ቀብረውታል። እሳቸው አልሰሙም።»

በበዓል መርዶ አይነገርም። ትልቁ ልጃቸውም ተጠባባቂ ጦር ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሄዷል፤ የሚለቁት በዓሉ ካለቀ በኋላ ባለው እሑድ ነው። እናቴ ለዚህ ነገር ሰው የሚፈልጋት ሴት ናት፤ ስንቱን መርዶ እሷ ነግራለች። ሁሉንም ነገር አስባበታለች። እሑድ ጎሕ ሲቀድ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ልጅየው በቀኝ፣ የእህት ልጅ በግራ ይቆማል፣ ውሃ ይያዛል፣ ከዚያ ይነገራቸዋል።

«ቀጠሮ አለኝ እኮ ከሳቸው ጋር። ልተወው?»

«ብትቀሪ ይጠረጥራሉ። ሂጂ፣ እንደ ልማድሽ ሁኚ። ብቻ አፍሽን ያዢ።»

ሄድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም። ሽማግሌው ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ጠበቁኝ። ጠፍሮቹን አንድ በአንድ አሳዩኝ፣ እያላሉም እያጠበቁም። አልጋው ከሳቸው ቁመት በአንድ ክንድ ይረዝማል፤ ወንድማቸው ዘለግ ያለ ነው። መስኮቷ ወደ መተላለፊያው ታያለች፣ «አላፊ አግዳሚውን እያየ እንዳይደብተው» ብለው ነው። በሩ ግን እውነተኛ የቤት በር ነበር፣ ከባድ፣ ቁልፍ ያለው። ለእንዲህ ያለ ቀላል ክፍል በጣም ከበደ ስላቸው ሳቁ።

«በስልክ የጠየቀኝ እሱን ብቻ ነው። 'ከውስጥ የሚቆለፍ በር አለው?' አለኝ። ጎንደር የተከራየው ክፍል በሩ ቆርቆሮ ነው፣ የፈለገ ሰው ገፍቶ ይገባበታል። እና አለው አልኩት። ከዚያ በር ፍለጋ ወጣሁ።»

እኔ መለኪያ ሜትሬን ይዤ የበሩን ወርድ እለካለሁ። ሦስት ጊዜ ለካሁት። ቀና ብዬ ፊታቸውን እንዳላይ ነው እንጂ ሦስት ጊዜ የሚለካ በር ሆኖ አይደለም። ስንጨርስ ፈቃድ የሚሰጡበትን ወረቀት ፈረሙ፣ ስልክ ቁጥራቸውን ጻፉልኝ። «ሲያልቅ ላኩልኝ አደራ። ለሱ እልክለታለሁ፣ ቤቱን ቁጭ ብሎ ይየው» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ማለትስ ማን ይከለክለኛል።

በማግስቱ ያቭኔ ቢሮ ገብቼ ቅጹን ሞላሁ። ከምን ተሠራ፣ በምን ቆመ፣ ማን ሠራው፤ ይህ ሁሉ ቀላል ነበር። «ለማን ተሠራ» የሚለው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ባዶ ልተወው ብል አልቀበልም አለኝ። ሰረዝ አስገባሁ፣ እሱንም መለሰብኝ። «ለወንድሙ» ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ሁለት ቃል አይሞላም፣ ምን ነበረበት። ግን ያን ነገር በሆዴ ይዤ ውዬ ነበርና አንድ ቦታ ላወጣው ፈለግሁ። በዕብራይስጥ ጻፍኩት፤ «ጎንደር ለሚኖረው ወንድሙ፤ ወንድሙ ሳይኖርበት ሞተ»። በዕብራይስጥ ስጽፈው የኛ ሰው የሚሰማው አልመሰለኝም። የታዘዝኩት አፌን እንድይዝ ነበር፣ አፌንም ያዝኩ። ያን ጊዜ እንዲህ ነበር የገባኝ። ረቂቅ ነው፣ የኛ ረቂቅ ደግሞ ለወር ይተኛል፣ እስከዚያ አስተካክለዋለሁ ብዬ ዘጋሁት። እንደኔ ያለች ጅል በዚህ አገር የለችም።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ ቀትር ላይ ስልኬ ጮኸ። የሽማግሌው ቁጥር ነው። ከጀርባ የዕቃ ማንሻ መኪና ድምፅ ይሰማል።

«ልጄ፣ እንዴት ዋልሽ?»

«ደህና፣ አንቱ እንዴት ነዎት?»

«የላካችሁልኝ ደርሶኛል። ቤቱን አየሁት፣ ያምራል።»

እኔ ምንም አልላክሁም። ቀና ስል አለቃዬ ከጠረጴዛዋ ሆና ፈገግ ትልልኛለች። የዳስ ሳምንት ስለሆነ፣ ገጹም ስላማራት፣ ጠዋት ራሷ አጽድቃ ለሕዝብ ከፍታዋለች። በወረቀቱ ላይ ወዳለው ስልክም ከመልካም በዓል ምኞት ጋር ልካላቸዋለች። ክፋት የለባትም። የጻፍኩትን የማታምንበት ምን ምክንያት አላት።

«ለወንድሜ ከመላኬ በፊት ምን እንደሚል ልወቅ ብዬ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ «የመጋዘኑን ኃላፊ አስነበብኩት። ደስ ብሎት ነው ያነበበልኝ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ እጄን ጨብጦ አጽናናኝ። ምን ሆነህ ነው ስለው መልሶ አነበበልኝ።»

ወንበሬን ገፍቼ ወደ ደረጃው ወጣሁ።

«እውነት ነው?»

የዕቃ ማንሻው ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማውን ጢጥ ጢጥ ብቻ ነው የምሰማው።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ልጆቼስ?»

«ያውቃሉ፣ አባባ።»

«መቼ ሊነግሩኝ ነው?»

«እሑድ።»

«ቤሰደር» አሉ። ደግመው «ቤሰደር፣ እሺ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፤ «እስከ እሑድ አልሰማሁም። ካንቺ መውጣቱንም ማንም አይወቅ። ካወቁ እዚህ ሰፈር መግቢያ ታጪያለሽ፣ እናትሽም ሰው ፊት ቀና ብላ አትቆምም። እኔ ለማንም አልናገር፣ አንቺም አትናገሪ። በይ፣ ፈረቃዬ አላለቀም።»

ስልኩን ዘጉት። ሥራቸውን ጨርሰው ነው የወጡት፣ ያን በኋላ ሰማሁ።

አለቃዬ ላይ ጮህኩባት። እሷ ደግሞ እውነት አልገባትም። «ሞቷል ብለሽ ጻፍሽ እኮ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን የገዛ ወንድሙ እንዴት አያውቅም? ይህ ጭካኔ አይደለም?» አለችኝ። ሰው መርዶውን ብቻውን ቆሞ እንዳይሰማ ነው፣ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው እንዲኖር ነው፣ ቀኑም ሰዓቱም ተመርጦለት ነው ብዬ ልነግራት ጀመርኩና መሀል ላይ አቆምኩ። ይህን የማውቅ እኔ ነኝ፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። መስመሩን አጠፋሁት። ግን የኛ መዝገብ ምንም ነገር ጨርሶ አያጠፋም፣ የተሰረዘውን ሁሉ ከነቀኑ ከነሰዓቱ በጀርባ ያስቀምጣል። ያ ዓረፍተ ነገር ዛሬም እዚያው አለ፣ ከላዩ የኔ ስም ተጽፎበት።

በማግስቱ እናቴ «ያላ፣ ተነሺ፣ የሽማግሌውን ዳስ እንሳለማለን፣ ሰው እንዳይርቃቸው» ብላ ጎትታ ወሰደችኝ። ስንደርስ ዳሱ ሞልቷል። ያ ለወንድማቸው የሠሩት አልጋ ላይ አራት ሴቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ይስቃል፣ ይቀልዳል፣ ፍራፍሬ ይላላጣል። አንዷ «ዘንድሮስ ወንድምዎ ይመጣል፣ ፈቃድ ሊሰጡ ነው ሲባል ሰማሁ» አለቻቸው፤ ለማስመሰል ነው፣ ጨምራ አበዛችው እንጂ። እናቴ በዓይኗ ቆነጠጠቻት። ሽማግሌው «አሜን፣ ከአፍሽ ይቀበልሽ» አሉና ብርቱካን ልጠው ሰጧት። እኔን አንድ ጊዜ እንኳ አላዩኝም። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል እነሱ ከሳቸው ይደብቃሉ፣ እሳቸው ከነሱ ይደብቃሉ፣ ሁለቱንም የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ሆዴን አሞኛል ብዬ ወጣሁ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሄድን። ነገሩ ሁሉ እናቴ እንዳሰበችው ነበር። ልጅየው ሌሊቱን ነድቶ ከነወታደር ልብሱ ደርሷል። በቀኝ እሱ፣ በግራ የእህት ልጅ ያዟቸው። ሴቶቹ ደረታቸውን ይዘው ከበር ቆሙ። እናቴ ቀረብ አለችና፣ በዚያ ለዚህ ጊዜ ብቻ በምታወጣው ድምፅ፣ ነገረቻቸው።

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ሽማግሌው ግን አልወደቁም። የያዟቸው ሁለት ሰዎች የሚይዙት ነገር አጡ። ለማልቀስ እንደሞከሩ አይቻለሁ፤ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፣ ትከሻቸውን ነቀነቁ፣ አንድ ሁለቴ «ወንድሜን» አሉ። እንባ የለም። አምስት ቀን የት የት እንዳለቀሱት እግዜር ይወቅ፤ መጋዘን ጥግ ይሁን፣ አውቶቡስ ውስጥ ይሁን፣ እስኪያልቅባቸው ድረስ የት እንዳፈሰሱት። ጋቢውን ሲገልጡት ፊታቸው ደረቅ ነበር። ሰውም ያን አየ።

ሰባቱን የለቅሶ ቀን ስንቀመጥ ሹክሹክታው ተጀመረ። «ምን ያለ ልብ ነው» አለች አንዷ። «እሱ እዚህ ተመችቶት፣ ያ ምስኪን እዚያ ሲማስን፣ ረስቶታል» አለች ሌላዋ። ስንት ዓመት በር ሲፈልጉለት የኖሩትን ሰው። እናቴ እንኳ፣ ለሰው ክፉ የማታወራው እናቴ፣ ቤት ስንገባ ጫማዋን እያወለቀች «ስንት መርዶ ነግሬያለሁ፣ እንደዚህ ያለ ደረቅ ሰው አላየሁም» አለች። አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። አትናገሪ ብለውኛል እኮ አልኩ ለራሴ። ሐቁን ልናገር ካልኩ ግን የፈራሁት ለራሴ ነው፤ ሰፈሩ እኔን በምን ዓይን እንደሚያየኝ ፈርቼ የሳቸው ስም ሲጠፋ ቁጭ ብዬ ሰማሁ።

ከለቅሶው በኋላ ክፍሉን ራሳቸው አፈረሱት። አለቃዬ መፍረሱም የመዝገቡ አካል ነው ብላ ቅጂልኝ አለችኝ፤ ስልኬን ቢሮ ትቼ ሄድኩ። ተቆጣጣሪው ከመንገዱ ማዶ ታይቶ እስኪደርስ ያጣጥፉት የነበረውን ያን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ፈጀባቸው። አንድ ጠፍር ይፈቱና ይቀመጣሉ። ላግዝዎ ብል እጃቸውን አወዛወዙ። በሩን ለብቻው ከግድግዳ አስጠግተው አቆሙት፣ ማን እንደወሰደው አላውቅም።

ዝናቡ በጀመረ ሰሞን አንድ ቀን እናቴ ጋ ምስር ስንለቅም የሽማግሌው ነገር ተነሣ። ከዚያ ቤት ሰው እግሩን እየቀነሰ ነው፣ ሴት ልጃቸውን ሊጠይቅ የመጣ እንኳ ደጅ ቆሞ ይመለሳል አለችኝ። «ምን ያድርጉ፣ ለወንድሙ ያላለቀሰ ሰው ለማን ይሆናል» አለች። ያን ጊዜ አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቅጹን፣ የጻፍኩትን፣ ስልኩን፣ አምስቱን ቀን። ስናገር ምስሩን አንድ በአንድ ከሳህን ወደ ሳህን አዛውራለሁ።

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። «ዳሱ ጋ ስንሄድ ያውቁ ነበር?» አለችኝ ብቻ። ያውቁ ነበር አልኳት። ሳህኑን አስቀምጣ ተነሣች፣ ነጠላዋን ተከናንባ በዚያ ዝናብ ወጣች። የት ነው ብዬ አልጠየቅኋትም። በመስኮት ሳያት ግቢውን አቋርጣ ወደ ኋላኛው ሕንፃ ሄደች።

ስትመለስ ነጠላዋ ከላይ እስከ ታች ረጥቧል። አላወለቀችውም። በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«ምን አሉሽ?» አልኳት።

«ልጅሽ ተሳስታለች አሉኝ። 'እኔ መርዶዬን ካንቺ አፍ ነው የሰማሁት። ዘመድ ሰብስባችሁ፣ ግራ ቀኝ ደግፋችሁ፣ በወጉ ነው የነገራችሁኝ። ያላለቀስኩ ልቤ ደረቅ ሆኖ ነው፣ ሰው ያለው ልክ ነው' አሉኝ።»

«እና አመንሻቸው?»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ይዛ ውሃውን ጨመቀችው።

«ይህን ሲነግሩኝ» አለች፣ «እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርድ ነበር።»